ለሽቦው ጥብቅና ልቁም፦ ስለ ቋሚ ሪቴይነር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ያንኑ አንድ ጽሑፍ በስልካቸው ከፍተው አሳዩኝ። ሦስቱም የብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ) ሕክምናቸውን ጨርሰው ሪቴይነር የሚለጠፍላቸውን ቀን የሚጠብቁ ናቸው። የጠየቁኝም አንድ ነገር ነው፦ ዶክተር፣ ሽቦው ይቅርብኝ፣ ፋይበሩ ይሁንልኝ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርሶች ወደ ድሮ ቦታቸው እንዳይመለሱ ከፊት ጥርሶች ጀርባ የሚለጠፈውን ቋሚ ሪቴይነር በማቴሪያል እያወዳደረ ደረጃ ያወጣል። የብረት ሽቦ ጊዜው አልፎበታል ይላል። የመስታወት ፋይበር ከብረት ስለሚጠነክር አይሰበርም ይላል። ብረቱ ኒኬል ይለቃል፣ ድድ ያበላሻል፣ ኤምአርአይ ያስከለክላል ይላል። የግድ ሽቦ ከሆነ ወፍራሙን ምረጡ፣ ከሁሉ የላቀው ግን በኮምፒውተር ተነድፎ የሚቆረጠው የኒኬል ታይታኒየም ሽቦ ነው ይላል። ማሳረጊያው ደግሞ ትክክለኛው ማቴሪያል አንዴ ከተለጠፈ ረስታችሁት ኑሩ የሚል ነው።

ጸሐፊው ደክመው እንደጻፉት ያስታውቃል። አንዳንዱ ነጥባቸውም ልክ ነው፣ ስደርስበት አልክድም። የእኔ ችግር ከጥያቄው ጋር ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሚጠይቀው የቱ ይጠነክራል ብሎ ብቻ ነው። ሪቴይነር ስለጥፍ፣ ስነቅልና ስጠግን የኖርኩ ሰው ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይህ ነገር የተበላሸ ቀን እንዴት ነው የሚበላሸው? ባለቤቱ ያን ዕለት ያውቃል? ወይስ ጥርሱ ዞሮ ካበቃ በኋላ ነው የሚነቃው? የማይበላሽ ሪቴይነር እስካሁን አላየሁም። በድምፅ የሚበላሽና በዝምታ የሚበላሽ ግን አለ፣ እኔ የምፈራው ዝምተኛውን ነው።

ለምን እንደሚለጠፍ ትንሽ ላስታውስ። ብሬስ ጥርሱን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ዙሪያውን ያሉትን ጅማቶች ወዲያው አያሳምናቸውም። ጥርስን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ቃጫዎች ራሳቸውን እስኪያደራጁ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጅባቸዋል። የድዱ ኮላጅን ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። በድዱ ውስጥ ያሉት እንደ ላስቲክ የሚሳቡት ቃጫዎች ደግሞ ዓመት ካለፈም በኋላ ጥርሱን መጎተታቸውን አይተዉም፣ በተለይ ጥርሱ መጀመሪያ ዞሮ የነበረ ከሆነ። በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ብሬስ አድርጎ የማያውቅ ሰው እንኳ ዕድሜው ሲገፋ የታች የፊት ጥርሶቹ እየተጨናነቁ ይሄዳሉ። የአሜሪካው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥናት ሪቴይነር ካወለቁ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ተመልክቶ ነበር። ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ የታች የፊት ጥርሶቻቸው አሰላለፍ ተበላሽቶ ነው የተገኘው። ስለዚህ የምናወራው ስለ ብዙ ዓመት ሥራ ነው። ከዚህ አንፃር እንየው።

«ፋይበር ከብረት ይጠነክራል»

በምን ይጠነክራል? ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ጫፉን ይዘው ሲጎትቱት ከሆነ፣ ይሁን፣ አልከራከርም። አፍ ግን እንደዚያ አይሠራም።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል በግምት 0.2 ሚሊሜትር የሚሆን ጅማት አለ፣ ጥርሱ በዚያ ላይ እንደ ፍራሽ ነው የተኛው። ባኘካችሁ ቁጥር እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ትንሽ ይወርዳል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ስድስት ጥርሶችን በፋይበርና በኮምፖዚት (የጥርስ መልክ ባለው ማጣበቂያና መሙያ) አንድ ላይ አስራችሁ ግንብ አደረጋችኋቸው እንበል። ጥርሶቹ መንቀሳቀሳቸውን አይተዉም። ግንቡ እንዲሄዱ ካልፈቀደ ኃይሉ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም ደካማውን ቦታ ነው፤ ወይ ማጣበቂያው ከኢናሜሉ፣ ማለትም ከጥርሱ የላይ ሽፋን፣ ጋር የተያያዘበትን፣ ወይ በሁለት ጥርስ መካከል ያለውን ቀጭን ኮምፖዚት። ፋይበሩ ራሱ አልተበጠሰም፣ እውነት ነው። ሪቴይነሩ ግን ተነቅሏል። ባለ ጥርሱን ደግሞ የቱ ክፍል እንደለቀቀ ግድ አይሰጠውም።

የተገመደ ሽቦ ላይ ሁኔታው ይለያል። ሦስት ወይም አምስት ወይም ስድስት ቀጫጭን የስቴይንለስ ስቲል ክሮች ተጠማዝረው የተሠራ ስለሆነ በጥርስና በጥርስ መካከል ትንሽ ይለመጣል። ጥርሶቹ በየግላቸው እንዲተነፍሱ ይፈቅዳል። ሸካራው መገመዱም ለኮምፖዚቱ ጥሩ መያዣ ነው። ኖርዌያዊው የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም ቢዮርን ዛክሪሰን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ሽቦ ያስተዋወቀው እኮ ከዚሁ የተነሳ ነው። እስከ ዛሬ ሌላው ማቴሪያል ሁሉ የሚለካው ከእሱ ጋር እየተወዳደረ ነው፣ ያረጀ ነገር ደግሞ እንደዚህ መለኪያ ሆኖ አይቆይም።

በሰው ላይ የተሠራ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት 184 ወጣቶችን ለ2 ዓመት ተከታትሎ የመስታወት ፋይበርንና የተገመደ ሽቦን አወዳድሯል። ከፋይበሮቹ 51 በመቶ ተበላሹ። ከሽቦዎቹ 12 በመቶ። ሌሎች ጥናቶች ልዩነቱን ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኙትም፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ተቀራራቢ ነው ብለዋል፣ ይህንን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ግን ተቀራራቢ ማለትና አይሰበርም ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ፋይበር ሌላም ጠባይ አለው። ጠንካራ የሚሆነው እያንዳንዱ ክር በሬዚን (በፈሳሹ ማጣበቂያ) በደንብ ሲርስ፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፖዚት ሲሸፈን፣ ሲለጠፍ ደግሞ ጠብታ ምራቅ ሳይነካው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያ በወረቀት ላይ ያለው ጥንካሬ የለም። ሽፋኑ ሲበላና ክሩ ሲጋለጥ ውኃ በመስታወቱና በሬዚኑ መካከል ይገባል፣ መያያዣውን ቀስ በቀስ ያላላዋል። የተጋለጠው ክር ይሻክራል፣ ቆሻሻም ይይዛል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚበላሽበት መንገድ ነው የማይመቸኝ። ሽቦ ከአንድ ጥርስ ላይ ሲለቅ ብዙ ጊዜ ምላስ ያገኘዋል፣ ጫፉ ይወጋል፣ ሰውየው ተናዶ ይመጣል። ተናዶ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ፋይበር ውስጥ ያለ ስንጥቅ ግን ነጭ በነጭ ነው። መስተዋት ፊት ቆማችሁ አታዩትም፣ እኔም በመብራትና በአየር አድርቄ ካልፈለግሁት ያመልጠኛል። መንቀሉም ፈተና ነው፣ ምክንያቱም የጥርስ መልክ ያለውን ኮምፖዚት ከጥርስ ላይ ስትጠርቡ ኮምፖዚቱ የቱ ጋ አልቆ ኢናሜሉ የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት ቀላል አይደለም። ከሽቦ ላይ ትንሽ ጠብታ ኮምፖዚት ማንሳትና ከስድስት ጥርስ ላይ አንድ ሙሉ ግድግዳ ማፍረስ እኩል አይደሉም።

ፋይበር የማልጠቀም እንዳይመስላችሁ። በድድ በሽታ አጥንታቸው የሳሳ፣ ጥርሳቸው የሚነቃነቅ ሰዎች ላይ ግንብ መሆኑ ራሱ ጥቅም ነው፣ እዚያ ላይ ጥርሶቹ በየግላቸው እንዲወዛወዙ አንፈልግም። የብረት አለርጂ ያለበት ሰው ላይም እንዲሁ። መልኩን በተመለከተ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፣ ፋይበር አይታይም። ግን ከጥርስ ጀርባ ያለን ነገር ከምላስ በቀር ማን ያየዋል?

ኒኬሉ

ይህን ነጥብ ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። ስቴይንለስ ስቲል ኒኬል አለበት፣ አዎ፣ በተለምዶ 8 በመቶ ገደማ። ግን ከክሮሚየሙና ከብረቱ ጋር በቅይጡ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ነው፣ በላዩ ላይ ያለው የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋንም ይጠብቀዋል። ወደ አፍ የሚወጣው መጠን በጣም ትንሽ ነው። ጸሐፊው ይህን ፈርተው ገጹ ሳይገለበጥ ምርጥ ብለው የሾሙት የኒኬል ታይታኒየም ሽቦ ግን ከክብደቱ 55 በመቶ ያህሉ ኒኬል ነው! ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እሱም ላይ በታይታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ምክንያት የሚለቀቀው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ሁለቱም አያሳስቡም። ግን ኒኬል መመዘኛ ከሆነ ለሁለቱም ይሁን።

እውነተኛ የኒኬል አለርጂ ያለባችሁ፣ ማለትም ርካሽ ጉትቻ ወይም የቀበቶ ዘለበት ቆዳችሁን የሚያሳክክ፣ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ንጹሕ ታይታኒየም ሽቦ አለ፣ ፋይበርም አለ፣ ማታ ማታ የሚደረገው የሚወልቅ ፕላስቲክ ሪቴይነርም አለ።

«ወፍራሙ ይሻላል»

ጽሑፉ ውስጥ በጣም አደገኛው ምክር ይህ ነው፣ ምክንያቱም ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ወፍራም ነገር ጠንካራ ነው፣ ጠንካራ ነገር ጥሩ ነው። በቃ።

ውፍረት ለብቻው ትርጉም የለውም። ሽቦው ስንት ጥርስ ላይ ተለጠፈ ብላችሁ አብራችሁ ካልጠየቃችሁ። ወፍራሙ ድፍን ዘንግ፣ 0.76 ወይም 0.81 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ የሚለጠፈው በሁለቱ ክራንቻዎች ላይ ብቻ ነው። መሃል ያሉት አራቱ ጥርሶች ዘንጉን ተደግፈው ይቆማሉ እንጂ አይለጠፉበትም። ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥሩ ጎን አለው። የተለጠፈው ሁለት ቦታ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲለቅ ዘንጉ አፍ ውስጥ ይንቀለቀላል፣ ባለቤቱ በደቂቃ ውስጥ ያውቃል። በድምፅ የሚበላሽ ያልኩት ይህ ነው። ድክመቱ ደግሞ መሃል ያሉት ጥርሶች ስላልታሰሩ ወደ ፊት ሊወጡ ወይም ትንሽ ሊዞሩ ይችላሉ።

ያንን ወፍራም ዘንግ ወስዳችሁ ስድስቱም ጥርስ ላይ ብትለጥፉት ፋይበሩ ላይ ያወራነው ጣጣ በሙሉ ይመጣል። አይለመጥም፣ ስለዚህ ይነቀላል። ስድስቱም ላይ የሚለጠፈው ቀጭኑ የተገመደ ሽቦ ነው፣ ከ0.44 እስከ 0.55 ሚሊሜትር የሚሆነው። ዛክሪሰን ራሱ ለስድስቱ ጥርስ ባለ አምስት ክሩን 0.55 ሚሊሜትር ሽቦ ነበር የሚመክረው። እጅግ ለስላሳው ሽቦና እንደ ሰንሰለት የተሠራው ደግሞ በጣት ስለሚታጠፉ ለመለጠፍ ይመቻሉ፣ ግን በጊዜ ብዛት ንክሻ ራሱ ሊያጎብጣቸው ይችላል። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ወፍራሙን ምረጡ የሚለው ምክር እነዚህን ሁሉ ደፍጥጦ አንድ አደረጋቸው።

ኮምፒውተር የቆረጠው ሽቦ፣ እና የእኔ ጥፋት

ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ጥርሱ በስካነር ይነሳል፣ ሽቦው በኮምፒውተር ይነደፋል፣ ከኒኬል ታይታኒየም ቅጠል ላይ ይቆረጣል፣ ይወለወላል። ሜሞቴይን በሚል ስም የሚታወቀው 0.36 በ0.36 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሽቦ ነው። የጥርሱን ጀርባ ተከትሎ ቁጭ ሲል ያምራል። እኔም ወድጄዋለሁ። በተለይ ላይኛው የፊት ጥርስ ላይ የታች ጥርሶች ሲገጥሙ ቦታ ለሚጠብባቸው ሰዎች ቀጭንነቱ ይጠቅማል።

ግን ምርጥ የሚያሰኘው ማስረጃ የት አለ? እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህን በኮምፒውተር የሚሠራ ሽቦ ወንበር ላይ ተሰልቶ ከሚለጠፍ የብረት ሰንሰለት ጋር አወዳድሮ ነበር። ጥናቱ እስከ ታቀደው አልሄደም። የላይኛው መንጋጋ ላይ የተለጠፉት የኒቲኖል (የኒኬል ታይታኒየም) ሽቦዎች ከሚገባው በላይ እየተበላሹ ስላስቸገሩ ቀድሞ ተቋረጠ። ሌሎች ጥናቶች ከተገመደው ሽቦ ጋር የሚመጣጠን ውጤት አግኝተውበታል፣ ስለዚህ መጥፎ ነው አልልም። የላቀ የሚለው ዘውድ ግን ገና አልተገባውም።

አንድ የማይነሳ ነገር ደግሞ አለ። ኒቲኖል ምን እንደሆነ አስታውሱ። ስሙ ራሱ ከኒኬል፣ ከታይታኒየምና ቅይጡ ከተገኘበት የአሜሪካ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ስም ተቀንጭቦ የተገጣጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጥርስ ማስተካከያ ሐኪሙ ጆርጅ አንድሪያሰን ወደ ጥርስ ማስተካከያ ሲያመጣው የተወደደበት ምክንያት ተለምጦ ወደ ራሱ ቅርጽ መመለሱ፣ ሲመለስም ጥርሱን ቀስ አድርጎ ይዞ መሄዱ ነው። ጥርስ የምናንቀሳቅስበት ሽቦ ነው እኮ! አሁን ያንኑ ቅይጥ ጥርስ እንዳይንቀሳቀስ እንጠቀምበታለን። ልክ በሆነ ቦታ ከተቀመጠ ምንም አያደርግም። በመለጠፍ ሰዓት ትንሽ ተገፍቶ ከተለጠፈ ግን አይረሳም፣ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ይታገላል። ወንበር ላይ ሆኜ ላስተካክለውም አልችልም፣ አልገጥም ካለ አዲስ መታዘዝ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ያረፈ ሽቦና የተወጠረ ሽቦ የሚለው ልዩነት የሚመጣው። ያረፈ ሽቦ ጥርሶቹ ላይ ሳይገፋ ሳይስብ ተኝቷል። የተወጠረ ሽቦ ለመጣበቅ ሲባል በጣት ወይም በመሣሪያ ተጭኖ፣ ተጭኖ እንዳለ ብርሃን በርቶበት ደርቋል። ዓይን አይለየውም። ሁለቱም አምረው ተለጥፈዋል። ከዚያ የተወጠረው በየቀኑ በጣም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይገፋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪው ካትሳሮስና ባልደረቦቹ ይህን ጉዳይ በግልጽ ጽፈው አውጥተውታል። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ማጣበቂያው አልለቀቀም፣ ጥርሶቹ ግን ቦታቸውን ለቀዋል። አንዳንዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥርሶች አንዱ ሥሩን ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ያዞራሉ። አንዳንዱ ላይ አንዱ ክራንቻ ወደ ውጭ፣ ማዶ ያለው ወደ ውስጥ ያጋድላል። ብሶ ሲመጣ የጥርሱ ሥር ከአጥንቱ ሊወጣና ድዱ ሊሸሽ ይችላል።

እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ወጣት ላይ የተገመደ ሽቦ ስለጥፍ ግራ ክራንቻው ላይ ትንሽ ተነስቶ አላርፍ አለኝ፣ አጥፌ እንደማስተካከል በጣቴ ጫን አድርጌ ለጠፍኩት። ቸኩዬ ነበር። ልጁ ቀጠሮ ዘለለ፣ እኔም አልደወልኩም። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመጣ ሽቦው እንደ መጀመሪያ ቀኑ ነበር፣ አንድም ቦታ አልለቀቀም። ክራንቻው ግን ወደ ውጭ አጋድሎ፣ ድዱም ከፊቱ ሸሽቶ ነበር። ያን ቀን ሪቴይነሩ ቢነቀል ኖሮ ምን ነበረበት ብዬ ተመኘሁ። ያ ሽቦ በጸሐፊው ሚዛን ሲመዘን መቶ በመቶ የተሳካለት ነው፣ ምክንያቱም አልተሰበረም አልተነቀለም!

ማቴሪያሉ ነው ያጠፋው? አይደለም። እጄ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ብዙ የሚነቀሉ ሪቴይነሮች የሚነቀሉት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፣ ይህ ደግሞ ማቴሪያሉ ማርጀቱን ሳይሆን ያን ቀን አንድ ነገር መጓደሉን ነው የሚናገረው። ታርታሩ (ጥርስ ላይ ደርቆ የሚጣበቀው ቆሻሻ) በደንብ አልተነሳም ይሆናል። በ37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ የተሸካከረው ኢናሜል ከደረቀ በኋላ ምላስ ነክቶት ይሆናል፣ ከታች ጥርሶች ጀርባ ምራቅ ከሥር እንደ ምንጭ ስለሚፈልቅ ይህ በጣም ቀላል ነው። ኮምፖዚቱ ሳሳ ብሎ ይሆናል። ወይም የላይኛው ላይ የታች ጥርሶች የት ጋ እንደሚገጥሙ ሳይታይ ሽቦው ልክ የሚመታበት መንገድ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፣ የላይኛው ከታችኛው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚነቀለው በአብዛኛው በዚህ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ፋይበር አይፈታውም። አንዳንዱን ያባብሰዋል።

ድድና ኤምአርአይ

ድዱን ቶሎ ልለፈው። ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ የምራቅ እጢዎች መውጫ ስላለ ታርታር እዚያ ይወዳል፣ ሪቴይነር ኖረም አልኖረም። ሪቴይነር ሲኖር ማጽዳቱ ይከብዳል። ሽቦ ከሆነ የጥርስ ክር በመሳቢያ ከሥሩ አሳልፎ ማጽዳት ይቻላል፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ባዶ ስለሆነ። ፋይበር የሚሸፈንበት ኮምፖዚት ወደ ድድ ወርዶ ክፍተቱን ከደፈነ ግን ክሩም የሚያልፍበት የለውም። ያ ከላይ የጠቀስኩት የ2010 ጥናት በሁለቱም ማቴሪያል የድድ መቆጣት አይቷል። ስለዚህ ሽቦ ድድ ያበላሻል የሚለው ቢስተካከል ጥሩ ነው፤ ያልተጸዳ ሪቴይነር ድድ ያበላሻል።

ኤምአርአይ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። የብረት ሽቦ ምስል ያበላሻል፣ በአፍ፣ በምላስና በመንጋጋ አካባቢ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ምርመራው እነዚያን ቦታዎች የሚመለከት ከሆነ የራጅ ባለሙያው ይነቀል ሊል ይችላል። ጉልበት ወይም ወገብ ሲነሳ ግን ከአፍ ውስጥ ያለች ሽቦ ምንም አታስቸግርም። በደንብ ከተለጠፈ ማግኔቱ ጎትቶ አይነቅለውም። መርማሪው ሲጠይቃችሁ አለኝ በሉ፣ አስቀድሞም የላላ ነገር እንደሌለ አሳዩ። በሥራቸው ወይም በሕመማቸው ምክንያት ራሳቸውንና አንገታቸውን በተደጋጋሚ የሚነሱ ሰዎች ፋይበር ቢመርጡ ምክንያት አላቸው፣ ታይታኒየምም ከስቴይንለስ ስቲል ያነሰ ጥላ ነው የሚጥለው።

«ረስታችሁት ኑሩ»

በዚህስ አልስማማም፣ በጭራሽ።

የሪቴይነር ጥናቶችን የሚሰበስበው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሶ ወጥቷል። ያሉት ጥናቶች አብዛኞቹ አጭር ጊዜ የተከታተሉና ማስረጃቸው ደካማ ስለሆነ ይህ ሪቴይነር ከዚያኛው ይበልጣል ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም ነው የሚለው። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን አድርጉና እርሱት ካላችሁ ከየት አምጥቶ እንደሚናገር ጠይቁት። እኔንም ጨምሮ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ከተለጠፈ በኋላ በአንድ ወር ገደማ አያለሁ፣ ከዚያ በ3፣ በ6 ወር፣ ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ። በየጥርሱ ላይ በቀጭን መሣሪያ ነካ ነካ እያደረግሁ የለቀቀ አለ ወይ እላለሁ። ከመለጠፉ በፊት የተነሳውን ፎቶ ወይም ስካን ካሁኑ ጋር አስተያያለሁ፣ ያቺ የተወጠረች ሽቦ ሥራ ስትጀምር ቀድሞ የሚያጋልጣት ይህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። ደግሞም ሁሉም ሰው ቋሚው ቢኖረውም ማታ የሚደረግ የሚወልቅ ሪቴይነር እንዲይዝ አደርጋለሁ። ቋሚው አርብ ማታ ቢነቀልና እስከ ሰኞ ቀጠሮ ባይገኝ ጥርሱን የሚይዘው እሱ ነው። ባይነቀልም ሌላ ጥቅም አለው፤ ትናንት በቀላሉ ይገባ የነበረው ዛሬ ከጠበቀ አንድ ጥርስ ሄዷል ማለት ነው፣ ቋሚው ሽቦ ምንም ቢመስል።

እናንተም ቤት ሆናችሁ የምታዩት አለ። ምላሳችሁ አዲስ ሹል ነገር ካገኘ፣ የጥርስ ክር ድሮ በማያልፍበት ቦታ ካለፈ፣ ሽቦው በጥፍር ሲነካ ከአንድ ጥርስ ላይ ከተነሳ፣ በፎቶ ላይ አንዱ ክራንቻ ከማዶው ወጣ ብሎ ከታያችሁ አትቆዩ። ሽቦውን በመቆንጠጫ አትቁረጡ፣ አታጥፉ። ሱፐር ግሉ አፍ ውስጥ አይገባም። (አንድ ሰው አድርጎት አይቻለሁ፣ ሽቦውም ምላሱም ተጣብቀው ነበር፣ ሳቄን ለመያዝ ተቸግሬ ነበር።)

ወደ ሦስቱ ሰዎች ልመለስ። አንዱ የታች ጥርሶቹ በፊት በጣም ዞረው ስለነበር ስድስቱም ላይ የተገመደ ሽቦ አደረግሁለት፣ ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ ሽቦው አላስጨነቀውም። ሁለተኛው ጥርሶቹ መሃል ላይ ብዙ ያልተዛወሩ ስለሆኑ በክራንቻዎቹ ላይ ብቻ የሚለጠፈውን ዘንግ ወሰደ። ሦስተኛዋ የጆሮ ጉትቻ እንኳ የማታስጠጋ ሰው ነች፣ ሁልጊዜ ያሳክካታል። እሷ ፋይበሩን አገኘች። ከጥርስ ክሩ ጋር እንድትለማመድ ክፍተቱን ባዶ ትቼላታለሁ፣ የማታውንም ይዛለች፣ የመጀመሪያ ቀጠሮዋ በመጪው ወር ነው።